የተሰረቁት ሦስት ሰከንዶች

ሐመልማል ወልደ ሚካኤል የዚያን ቅዳሜ ጠዋት አሰላ ስታዲየም ስትደርስ ቱሳ በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቃት ነበር። ሰላም አላለችውም። ሰላም አለማለቷ ሳያንስ፣ ሆን ብላ እንዳደረገችው በደንብ እንዲገባው ፊቷን ወደ ጭላሎ አዙራ አለፈችው። ተራራው እስከ ወገቡ በጉም ተሸፍኖ ስለነበር የምታየው ነገር እንኳ አልነበረም።

«ሐመልማል፣ አንድ ደቂቃ ብቻ።»

«አንተ አንድ ደቂቃ ስትል ስንት ሰከንድ ነው?» አለችው ሳትዞር።

ከኋላዋ ሊስቅ ጀመረና ሳቁ መሀል ላይ ቀረ። ቀልድ አለመሆኑ ገብቶታል። ሦስት ቀን ሙሉ ስልኩን አላነሳችለትም። ዛሬ ደግሞ ዓይኑን ለማየት እንኳ ተጠየፈች፤ ቱታዋን እስከ አገጯ ዘግታ ወደ ማሟሟቂያው ሜዳ ወረደች።

ይህን ሰው ሁለት ዓመት ሙሉ ከኋላ ከኋላው እየሮጠች ኖራለች። ቱሳ አሯሯጭ ነው። የክለቡ ሴቶች ልምምድ ሲሠሩ ከፊት ሆኖ ፍጥነቱን ይይዝላቸዋል፣ ነፋሱን በደረቱ ይመልስላቸዋል፣ እያንዳንዱ ዙር ሲያልቅ በእጁ የያዘውን ሰዓት አይቶ የፈጁትን ሰከንድ ጮክ ብሎ ይናገራል። ሐመልማል ፊቱን በቅጡ ሳታውቅ ጀርባውን ወደደችው ብንል ማጋነን አይሆንም። በሳጉሬ በኩል ባለው የባሕር ዛፍ ደን ውስጥ ሲሮጡ፣ መንገዱ ላይ ጉድጓድ ወይም ሥር ካየ ዞር ሳይል ጣቱን ያጮህላታል፤ ተጠንቀቂ ማለቱ ነው። አንድ ቀን ጉድጓድም ሥርም በሌለበት ለጥ ያለ ሜዳ ላይ ጣቱን አጮኸ። «ምን አለ?» ብትለው «ምንም፤ መኖርሽን ላረጋግጥ ብዬ ነው» አላት። እንዲህ ያለ ነገር የተባለች የሃያ ዓመት ልጅ ከዚያ በኋላ ምን ልትሆን ትችላለች።

አባቷ አቶ ወልደ ሚካኤል ግን ለጣት ጩኸት የሚሆን ጆሮ አልነበራቸውም። ሠላሳ ዓመት በመሬት ቢሮ የሠሩ፣ ሰውን ሁሉ በፋይል ቁጥር የሚያውቁ ሰው ናቸው። ቱሳ ባለፈው መስከረም ሽማግሌ ሲልክ፣ ሽማግሌዎቹ ገና ወንበር ሳይሞቅላቸው «ልጁ ሥራው ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁ። አሯሯጭ መሆኑን፣ ሥራውም ከፊት መርቶ መሀል ላይ መውጣት መሆኑን ሲሰሙ ደግሞ እንዲህ አሉ፦ «እንግዲህ ጀምሮ የማይጨርስ ሰው ነው ማለት ነው። እኔ ልጄን እስከ መጨረሻው ለሚሄድ ነው የምሰጠው።»

ሽማግሌዎቹ ነገሩን አለሳልሰው ሊያደርሱለት ሞክረው ነበር። እንዲህ ያለ ቃል ግን የቱንም ያህል ቢለሰልስ አይዋጥም። ቱሳ በወጣትነቱ የሳጉሬ ገብስ አምራቾች ልጅ፣ እግረ ቀጭን፣ ተስፋ የተጣለበት ሯጭ ነበር፤ ቋንጃው ተበጥሶ ባይቀር ኖሮ ዛሬ ራሱ ይወዳደር ነበር እንጂ ሰው ሲያሯሩጥ ባልኖረ ነበር። ስድቡ ያረፈው ልክ ቁስሉ ላይ ነው።

* * *

ከዚያ ጥር መጣ።

በጥር ወሩ የክለቦች ውድድር ሐመልማል አምስት ሺህ ሜትር ስትሮጥ ከዘጠኝ ዙር በኋላ እየመራች ነበር። እግሯ ቀላል ነው፣ ትንፋሿ ሰላም ነው። የመድረሻው መስመር አጠገብ የተተከለውን ትልቅ ሰዓት ቀና ብላ አየችና አሰላች። ዙሩን በሰባ ስድስት ሰከንድ ነው የሮጠችው።  በልምምድ ከሰባ ዘጠኝ ወርዳ አታውቅም፤ ቱሳ በየማክሰኞው «ሰባ ዘጠኝ፣ ሰማንያ፣ ሰባ ዘጠኝ» እያለ ሲቆጥርላት ነው የከረመችው። አቅሟን አልፋለች ማለት ነው። አሁን ትወድቂያለሽ፣ ሰው ፊት ትዋረጃለሽ አላት ጭንቅላቷ፤ እግሯም ታዘዘ። ዝግ አለች። አንዷ አለፈቻት፣ ሁለተኛዋ አለፈቻት፣ ሰባተኛ ወጣች።

ማታ በሬዲዮ አንድ ጋዜጠኛ «ልጅቷ አቅም አላት፤ ልብ ግን የላትም» ብሎ ተናገረ። አባቷ ሬዲዮውን ዘጉት። እናቷ ወይዘሮ በቀለች ራት አቀረቡ። ሐመልማል ያን ሌሊት ልብ የሌላት ሰው መሆኗን አምና ተቀበለች፤ ከዚያም በኋላ ለሦስት ወር መም ላይ በወጣች ቁጥር ይህንኑ ይዛ ወጣች።

አሰልጣኝ ዘሪሁንም ቃላቸውን አላሳመሩም። «ሚያዝያ ላይ ማጣሪያ አለ። ለብሔራዊው ሻምፒዮና የሚያልፉት ሁለት ናቸው። ከሁለቱ አንዷ ካልሆንሽ ክለቡ ያሰናብትሻል፤ እኔም አልከራከርልሽም» አሏት።

ነገሩ የፈነዳው ማጣሪያው ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ረቡዕ ከሰዓት ነው። ሙቢና አብራት የምትሮጥ የአሰላ ልጅ ናት፤ ቅልጥሟን ታማ ከኅዳር ጀምሮ ልምምዱን ተመልካች ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር የምታየው። ሐመልማል ወደ ሙቢና ክፍል ሄዳ እንደለመደችው ስታለቅስ፣

«እኔ እኮ ሰባ ስድስት መሮጥ አልችልም ሙቢ። በሕይወቴ ሮጬው አላውቅም» አለቻት።

«ማል ጄታ? ምን ትያለሽ አንቺ?» አለች ሙቢና። «ታኅሣሥን ሙሉ ሰባ ስድስት ስትሮጪ አልነበር እንዴ?»

«ሰባ ዘጠኝ ነው።»

«ወላሂ ሰባ ስድስት። እዚያ ብርድ ላይ ተጎልቼ ምን እሠራለሁ፣ በስልኬ ስይዝልሽ ነበር የምውለው።» ስልኳን አውጥታ አሳየቻት። ማክሰኞ ሰባ ስድስት፣ ሰባ ስድስት፣ ሰባ አምስት። የሚቀጥለው ማክሰኞ ሰባ ስድስት። ሁሉም እንደዚያ ነበር።

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«አሯሯጭሽ በየዙሩ ይነግርሽ የለ! እኔ ምን ብዬ ልንገርሽ?»

ሐመልማል ስልኩን ተቀብላ ማክሰኞዎቹን አንድ በአንድ አየች። አንድ ማክሰኞ ቢሆን ስህተት ነው ትላለች። ሁለትም ቢሆን እንደዚያው። ሁልጊዜ ሦስት ሰከንድ ግን ስህተት አይደለም። አንድ ሰው ሰዓቱን እያየ፣ እውነቱን እያወቀ፣ ያንን በምትወደው ድምፁ ውሸት ሲነግራት ከርሟል። መጀመሪያ የተሰማት ንዴት አልነበረም፤ ልብሷን ሰው መንገድ ላይ የገፈፋት ያህል አፈረች። ንዴቱ የመጣው ማታ ነው፤ ሲመጣ ደግሞ አላስተኛትም።

* * *

ማሟሟቂያው ሜዳ ላይ ሙቢና እያነከሰች መጥታ የታጠፈ ወረቀት እጇ ላይ አኖረችላት።

«ከእሱ ነው። አልቀበልም ብዬው ነበር፤ አለቀሰብኝ። ትልቅ ሰው ሲያለቅስ ደግሞ አልወድም።»

«ቅደጂው።»

«ራስሽ ቅደጂው» አለችና ሙቢና ሄደች።

ሐመልማል ልትቀደው ይዛው፣ ከፈተችው።

«ይድረስ ለሐመልማል። እንደምን አለሽ ብዬ አልጠይቅም፤ እንደማትመልሽልኝ አውቃለሁ። ሙቢና ያሳየችሽን ነግራኛለች፤ እውነት ነው። ሦስት ሦስት ሰከንድ እየጨመርኩ ነግሬሻለሁ። ነገር ግን ከራሴ አይደለም። ጠንክራ እንድትሠራ ቀርፋፋ ነሽ በላት ብለው ያዘዙኝ ኮች ዘሪሁን ናቸው። እኔ የታዘዝኩትን ፈጸምኩ እንጂ ባንቺ ላይ ክፉ አላሰብኩም። ዛሬ ሮጠሽ አሸንፊ፤ ከዚያ በኋላ ስደቢኝ። ያንቺው ቱሳ።»

እውነቱን ለመናገር ደስ አላት። ደስ ማለቱን ጠላችው እንጂ ደስ ብሏታል። በሦስት ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ትንፋሿ እስከ ሆዷ ወረደ። ጥፋቱ የእሱ ካልሆነ ይቅር ልትለው ነው፤ ይቅር ለማለት ምን ያህል ቸኩላ እንደነበር ያኔ ነው ያወቀችው። ወረቀቱን ይዛ በቀጥታ ወደ አሰልጣኙ ሄደች።

ኮች ዘሪሁን ወረቀቱን አነበቡ። ሲጨርሱ ጆሯቸው ቀልቶ ነበር።

«እኔ ሃያ ሁለት ዓመት ሳሠለጥን ከአትሌት ሰዓት ደብቄ አላውቅም» አሉ። «የሮጠችውን ያላወቀች ልጅ ምን ተማምና ትሰለፋለች? ወንዶቹን ይዤ በቆጂ መንገድ ስለምወጣ የናንተን ሰዓት ደብተር ላይ የሚመዘግብልኝ እሱ ነው። ደብተሬም ሰባ ዘጠኝ ነው የሚለው። አንቺን ሰነፈች ብዬ ክለቡ ፊት የተናገርኩት ያንን ደብተር ይዤ ነው።» ከዚያ ወደ በሩ ዞረው ተጣሩ። «ቱሳ! ና እዚህ።»

ቱሳ መጣ። ወረቀቱን አሰልጣኙ እጅ ላይ ሲያይ እርምጃውን ገታ።

«እኔ ነኝ ያዘዝኩህ?» አሉት።

ወደ ሐመልማል ነው ያየው እንጂ ወደ እሳቸው አይደለም። «አይደሉም» አለ።

«ማነው ታዲያ?» አለች እሷ።

«ማንም። ራሴ ነኝ።»

«ለምን?»

ዙሪያውን ቃኘ። በአጠገባቸው የሚያሟሙቁ ልጆች ሩጫቸውን አቁመው ያዩ ጀመር። ሐመልማል ግን ማፈሩን ትታዋለች። «እንዲሰሙ ተዋቸው። ለምን አልኩህ?»

«ሽማግሌዎቹ በተመለሱ በሳምንቱ አዲስ አበባ ካለ ክለብ ሰው መጣ» አለ ቱሳ፣ ድምፁ እየወረደ። «ከሰባ ሰባት በታች የምትሮጥ ልጅ ካለች ጠቁመኝ አለኝ። እዚያ ወስደን ደመወዝ እንከፍላታለን፣ ቤት እንሰጣታለን አለኝ። ያን ቀን ሰባ ስድስት ሮጠሽ ነበር። ልነግርሽ አፌን ከፈትኩ። ከፈትኩና ሰባ ዘጠኝ አልኩ።»

«አንድ ጊዜ።»

«አንድ ጊዜ ከተባለ በኋላ መመለሻ የለውም። በሚቀጥለው ሳምንት እውነቱን ብናገር በአንድ ሳምንት እንዴት ፈጠነች ይባል ነበር።» ወደ እግሩ አመለከተ። «አዲስ አበባ አሯሯጭ ሞልቷል ሐመልማል። በዚህ ቋንጃ እኔን ማን ይወስደኛል? አንቺ ትሄጃለሽ፣ አባትሽ ደግሞ ያሉትን ብለዋል። ትንሽ እንድትቆዪልኝ ነበር። ትንሽ ብቻ።»

«ጥር ላይ ሰባተኛ ስወጣ አይተሃል።»

«አይቻለሁ።»

«ልብ የላትም ሲሉኝ ሰምተሃል። ደረትህ ላይ ተደፍቼ አልቅሻለሁ። አይዞሽ ስትለኝ ነበር። እያወቅክ።»

«እያወቅኩ።»

«አባቴ ጀምሮ የማይጨርስ ሰው አለህ» አለችው።  «ተናድጄባቸው ስድስት ወር አላነጋገርኳቸውም፤ ባንተ ምክንያት የአባቴን ፊት ጠልቼ ነበር። አንተ ደግሞ እኔም እንዳልጨርስ አደረግከኝ።»

«እወድሻለሁ እኮ።»

«ዝም በል።»

ኮች ዘሪሁን እጃቸውን ዘረጉ። «ሰዓቱን አምጣ። ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ሜዳ ውስጥ እንዳላይህ።» ቱሳ ከአንገቱ አውልቆ ሰጣቸውና በልጆቹ መሀል አንገቱን ሰብሮ ወጣ። ያ ሁለት ዓመት የተከተለችው ጀርባ ሲርቅ ሐመልማል እስከ በሩ ድረስ በዓይኗ ሸኘችው፤ ሸኘችውና በራሷ ተናደደች።

«ዛሬ አልችልም ካልሽ ለኮሚቴው እነግርልሻለሁ» አሏት አሰልጣኙ፣ ከወትሮው ለስለስ ብለው። «ሰው ነሽ።»

«እሮጣለሁ።»

* * *

አሥራ ስድስት ልጆች ተሰለፉ። ከጭላሎ በኩል የሚወርደው ነፋስ ካፊያ ይዞ ይመጣል፤ ከበቆጂ የመጣችው ትንቢት የምትባለው ልጅ ሐመልማልን በትከሻዋ ገፋ አድርጋ ውስጠኛውን መስመር ያዘች። ተኩሱ ተሰማ።

ሰው እውነቱን ካወቀ ፍርሃቱ የሚለቀው ይመስለዋል። ሐመልማልም እንደዚያ መስሏት ነበር። ሦስተኛው ዙር ላይ ትልቁን ሰዓት አየችና ሰባ ስድስት መሆኑን አወቀች፤ ወዲያው ያው የጥር ወሩ ጭንቅላት ያንኑ ወሬ ጀመረ። ይሄ ያንቺ አይደለም። ልትወድቂ ነው። ዝግ በይ። የሙቢናን ስልክ በዓይኗ አይታለች፣ የሰውየውን ኑዛዜ በጆሮዋ ሰምታለች፤ ጭንቅላቷ ግን ለስድስት ወር የተነገረውን እንጂ ዛሬ የሰማውን አያምንም። የሚያስፈራራት ድምፅ ደግሞ የሌላ የማንም አልነበረም፤ የእሱ ነበር።

ስምንተኛው ዙር ላይ ትንቢት ፈጠነች። ሁለት ሜትር፣ አምስት ሜትር ከፈተች። ሌሎቹ ወደ ኋላ ቀሩ፤ ሐመልማል ብቻዋን መሀል ላይ ተንጠለጠለች። ከፊቷ ነፋሱን የሚመልስላት ሰው የለም። እግሯ ሊታዘዝ፣ ሊዝል ሲል ከአጥሩ ማዶ አንድ ሰው እየጮኸ ሲሮጥ ሰማች።

«ሰባ አምስት ነሽ! ሐመልማል! ሰባ አምስት፣ ዱጋ ነው፣ እውነቴን ነው!»

ቱሳ ነው። የአጥሩን ሽቦ በእጁ እየተደገፈ፣ በዚያ በተጎዳ እግሩ እያነከሰ፣ ስልኩን ከፍ አድርጎ ይዞ ከጎኗ ይሮጣል።

ውሸታም፣ አለች በልቧ። ውሸታም፣ ውሸታም። ሰባ አምስት ያለው ሰባ ስምንት ነው፤ አሁን ደግሞ ሊያጽናናት ቀንሶ ነው የሚነግራት። ያኔ በሦስት ቀን የተጠራቀመው ንዴት ሁሉ ከሆዷ ተነስቶ ወጣ። የእሱንም አልሰማም፣ የስታዲየሙንም ሰዓት አላይም አለች። የመድረሻው መስመር ጋ ስትደርስ ፊቷን ከትልቁ ሰዓት አዞረች። ከዚያ በሕይወቷ ጠይቃ የማታውቀውን ራሷን ጠየቀች። ትንፋሼ አለ? አለ። እግሬስ? አለ። ታዲያ ማንን ነው የምትጠብቂው?

ሄደች። ትንቢትን በአሥረኛው ዙር ደረሰችባት፣ አሥራ አንደኛው ላይ ከጎኗ ሆነች። የበቆጂዋ ልጅ ክርኗን ሰነዘረች፤ ሐመልማልም አልማረቻትም፣ ትከሻዋን ሰጥታ አለፈቻት። የመጨረሻው ዙር ደወል ሲደወል ከኋላዋ ኮቴ አይሰማም ነበር። ፍርሃቱ እስከ መጨረሻው አብሯት ሮጧል፤ ጥሏት የሄደ ጊዜ የለም። የተለወጠው እሱ እንዲመራት አለመፍቀዷ ብቻ ነው።

አሥራ አምስት ደቂቃ ከአርባ አራት ሰከንድ። ኮች ዘሪሁን ሰዓቱን ሁለት ጊዜ አዩት። ሙቢና ቅልጥሟን ረስታ እየዘለለች መጣችና አንገቷ ላይ ተጠመጠመች፤ ወዲያው አሟት «ወይኔ እግሬ» እያለች በሳቅና በለቅሶ መሀል ተቀመጠች። ሐመልማል አብራት ሳቀች። በጥር ያጣችውን ነፃ ትንፋሽ መልሳ አገኘችው።

ከበሩ ውጪ ቱሳ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ሽቦው መዳፉን ቀዶት ይደማል።

«ሰባ አምስት ነበርሽ» አላት። «ያን ዙር። እውነቴን ነበር የነገርኩሽ።»

«አላመንኩህም።»

«አውቃለሁ።»

«ሰባ ስምንት ነው ብዬ ነው የፈጠንኩት።»

ፈገግ ሊል ሞከረ፤ አልሆነለትም። «የሆነ ሆኖ ፈጥነሻል። ይቅር በይኝ ሐመልማል። አዲስ አበባ ሂጂ፣ የትም ሂጂ፤ አላስቀርሽም። እንደምወድሽ ግን እወቂ።»

ከሦስት ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኑን አየችው። ያው ዓይን ነው፤ ያው የምታውቀው፣ ከእንቅልፍ የተነሳ የሚመስል ዓይን። በጣም እንደምትወደው ተሰማት፤ ያ ነው ያስመረራት።

«ይሄንንስ ስንት ጨምረህ፣ ስንት ቀንሰህ እንደምትናገር በምን ልወቅ?» አለችው።

 ቱሳ ምንም ቢል ያው በእሱ አፍ የሚነገር ቃል ነው።  ሐመልማል ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አድርጋ ቁልቁል ወደ ባጃጆቹ ሄደች።

አልተከተላትም። ስልኳ ቦርሳዋ ውስጥ ይጮሃል፤ እናቷ ናቸው፣ ወሬው ቤት ደርሷል ማለት ነው፤ ብታነሳው ከእናቷ ጎን አባቷ «እኔ ላናግራት» ሲሉ እንደሚሰሙም አውቃለች። አላነሳችውም። በዚህ ዓለም ላይ አሸነፍኩ ብላ ሮጣ ልትነግረው የምትፈልገው ሰው አንድ ብቻ ነበር፤ እሱን ደግሞ አሁን ከኋላዋ ጥላው መጥታለች። ባጃጁ ውስጥ ገብታ ተቀመጠችና ፊቷን በቱታዋ ሸፍና፣ በተሸነፈችበት በጥር ወር እንኳ ያላለቀሰችውን ያህል አለቀሰች።